«8 ኪሎ ይሸከማል» የተባለው ትሪፖድ ለምን ይንቀጠቀጣል?

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከሀዋሳ ነው፤ ስለ ትሪፖድ፣ ማለትም ስለ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? መምህር ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ወፍ ፎቶ አነሳለሁ። ካሜራዬ ባለ ትንሹ ሴንሰር ካነን ነው፣ 24 ሜጋፒክስል። ሰሞኑን ያገለገለ ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር የሚሄድ ሌንስ ገዛሁ። ትሪፖዴ ርካሽ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ግን 8 ኪሎ ይሸከማል ይላል። ሌንሱና ካሜራው አንድ ላይ 3 ኪሎ አይሞሉም። ታዲያ ጨረቃን ሳነሳ ለምን ይደበዝዝብኛል? በመጋቢት ወደ ባሌ ሄጄ ከዋክብትም ማንሳት አስቤያለሁ። አጎቴ ከዱባይ ስለሚመጣ አንድ ዕቃ ሊያመጣልኝ ይችላል። አቅሜ ውስን ነው። ካርቦን ይሻለኛል ወይስ አሉሚኒየም? ስንት ኪሎ የሚሸከም ልግዛ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ያቺን «8 ኪሎ» የምትል ጽሑፍ እርሳት። ቁጥሩ የሚነግርህ ትሪፖዱ ያን ያህል ቢጫንበት እንደማይሰበር ወይም እንደማይንሸራተት ነው። እሱንም እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚለካው። 8 ኪሎ ተሸክሞ የሚንቀጠቀጥ ትሪፖድ ሞልቷል። አንተ የምትፈልገው የማይወዛወዝ፣ ቢነካም ቶሎ የሚረጋ ነው። ይሄ ደግሞ ካርቶን ላይ አይጻፍም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሌንስህ 30 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል እንበል። ጫፉ በ0.01 ሚሊሜትር ብቻ ቢነቃነቅ፣ ማለትም የአንድ ጸጉር ውፍረት ሰባት ቦታ ተካፍሎ አንዱን ያህል፣ በ600 ሚሊሜትር ላይ (ይህ ቁጥር የማቅረብ ኃይሉ ነው እንጂ የሌንሱ ቁመት አይደለም) ምስሉ ሴንሰርህ ላይ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ቺፕ ላይ፣ 5 ፒክስል ይንሸራተታል፤ ፒክስል ምስሉ የተሠራበት አንዷ ነጥብ ናት። ያው መነቃነቅ ሰፊ እይታ ባለው የ18 ሚሊሜትር ሌንስ ቢሆን የአንድ ፒክስል አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ረጅሙን ሌንስና የሌሊቱን ሰማይ በአንድ ላይ የጠየቅከው ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ሰፊ ሌንስ ላይ ያለ ካሜራን ነፋስ ካልገፋው በቀር ያሁኑ ትሪፖድህም ያቆመዋል። ረጅሙ ሌንስ ነው ጉዱን የሚያወጣው።

ወደ ጨረቃዋ ልመለስ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ትሪፖዱን ብቻ አልጠረጥርም። ካሜራህ በአውቶ ላይ ከነበረ ያን ሁሉ ጥቁር ሰማይ አይቶ ጨለማ ነው ብሎ ያስባል፤ ሹተሩንም፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ያዘገየዋል። ጨረቃ ግን ፀሐይ የመታት ድንጋይ ናት። በጣም ብሩህ ናት። በ600 ሚሊሜትር ሴንሰርህ ላይ የምትይዘው 5.5 ሚሊሜትር ስፋት ብቻ ስለሆነ ካሜራው ይሸወዳል። ማንዋል ላይ አድርገው። ለሙሉ ጨረቃ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 11፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር 1/100 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። አይኤስኦውን ወደ 400 ብታወጣው ሹተሩ 1/400 ይሆናል። በዚያ ፍጥነት ያ ርካሽ ትሪፖድህም ላያሳፍርህ ይችላል። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ይህን ሞክር።

ወፎቹም እንዲሁ ናቸው። አሞራ ገደል ሄደህ ጠዋት ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር የሚሻሙትን አባ ኮዳዎች ስታነሳ ወይም ዓሣ በል ንስር ውሃ ላይ ሲወርድ፣ ሹተርህ 1/1000 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ወፉ ራሱ ይንቀሳቀሳላ! በዚያ ፍጥነት ትሪፖዱ የሚያሳርፈው ክንድህን ነው እንጂ ለፎቶው ጥራት የሚጨምረው ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ ባለ አንድ እግሩ ሞኖፖድ ይበቃሃል። ከመኪና መስኮት ወይም ከግንብ ላይ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው የጨርቅ ከረጢት ነው። ባዶውን ይዘህ ትሄዳለህ፣ እዚያው ስንዴ ወይም ሽምብራ ገዝተህ ትሞላዋለህ፣ ሌንሱን ታስተኛበታለህ። በማንኛውም ዋጋ የተገዛ ትሪፖድ ሁለት ኪሎ ሽምብራን በመርጋት አይበልጥም። መኪናው ሞተሩ ይጥፋ እንጂ።

ጠንካራ ትሪፖድ የግድ የሚሆነው ታዲያ የት ነው? ብርሃን ሲያንስ። ባሌ ተራሮች ላይ ባለው ሳነቴ አምባ ጎህ ሲቀድ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደባ ብታገኛት ሹተርህ 1/60 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ቆማ ስታዳምጥ ጸጥ ትላለች፤ ያኔ ዋናው የሚንቀሳቀሰው የአንተ ካሜራ ነው። ከ1/60 እስከ 1/4 ሰከንድ ያለው ክልል የሹተሩ የራሱ ምት ሳይቀር ምስል የሚያበላሽበት ነው። ለዚህ ነው ገንዘብ የሚወጣው።

አሁን ስለ እግሮቹ። ሱቅ ስትገባ፣ ወይም አጎትህ ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚታየው የቱቦው ውፍረት ነው። የቱቦ ግትርነት የሚያድገው በዲያሜትሩ ሦስተኛ ኃይል ነው። የግድግዳው ውፍረት ያው ሆኖ 22 ሚሊሜትር የነበረው ቱቦ 28 ቢሆን ግትርነቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የላይኛው ቱቦ 28 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፈልግ። ቀጥሎ እግሩ ስንት ክፍል እንዳለው ቁጠር። ባለ ሦስት ክፍል ይሁን። ባለ አምስት ክፍሉ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ያምራል፤ የታችኛው ቱቦ ግን እርሳስ ያክላል። ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ደግሞ እሱ ላይ ነው።

የመሃሉን ምሰሶ ተወው። ወደ ላይ በሳብከው ቁጥር በሦስት እግር ላይ ባለ አንድ እግር እየተከልክ ነው። ምሰሶው የሚነቀል ወይም ጭራሽ የሌለው ቢሆን በጣም ጥሩ። ቁመቱ እስከ ዓይንህ ካልደረሰ ጎንበስ በል፤ ወጣት ነህ።

ካርቦን ወይስ አሉሚኒየም ላልከው፣ በአንተ አቅም አሉሚኒየም። ካርቦን ይቀላል፣ ንዝረትንም ቶሎ ይውጣል፤ ሳነቴ ላይ ሌሊት በባዶ እጅ ብትይዘውም እንደ ብረት አያንገበግብም። ግን በተመሳሳይ ዋጋ የምታገኘው ቀጭን ካርቦን ነው። ወፍራም አሉሚኒየም ከቀጭን ካርቦን ይሻላል። ያገለገለ ባለ ሦስት ክፍል አሉሚኒየም ማንፍሮቶ 055 ብታገኝ ለምሳሌ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ትሸከማለህ፤ ምሰሶውን ሳትስበው ከተጠቀምክበት ሥራህን ይሠራል።

የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያዎችንም ጠይቅ። ብዙዎቹ ወደ ትንንሽ ካሜራና ጊምባል (በእጅ የሚያዝ ማረጋጊያ) ስለዞሩ፣ የድሮ ወፍራም ባለ ድርብ ቱቦ የቪዲዮ ትሪፖዳቸው ስቱዲዮ ጥግ አቧራ ለብሶ ነው ያለው። ድርብ ቱቦ ሲጠመዘዝ አይሸነፍም። ዘይት ያለው የቪዲዮ ራሱ ደግሞ ለረጅም ሌንስ ግሩም ነው፤ ወፍ ስትከተል ሳይዘል ይዞርልሃል። ችግሩ ካሜራውን በቁመት ለማዞር አይመችም። ክብደቱም ሌላው ችግር ነው።

አንድ ሌላ መንገድ ልንገርህ፤ እኔ በግሌ በጣም የምወደው። የቀያሾች ትሪፖድ አይተሃል? ቶታል ስቴሽን የሚባለው የመለኪያ መሣሪያ የሚቀመጥበትን፣ መንገድ ሲሠራ ቢጫና ቀይ ተቀብቶ የሚታየውን። እሱ የተሠራው መሣሪያው በጸጉር እንኳ እንዳይዛባ ነው። የእንጨቱ ከሆነ ንዝረትን በመዋጥ የሚስተካከለው የለም። የመሃል ምሰሶ የለውም። ጫፉ ብረት ስለሆነ በእግርህ ረግጠህ መሬት ውስጥ ትቀብረዋለህ። ያገለገለ ከግንባታ ድርጅቶችና ከመሣሪያ ሻጮች ይገኛል። ብሎኑ ግን ካሜራ ላይ አይገባም፤ የቀያሾቹ 5/8 ኢንች ነው፣ ጥርሱም በኢንች 11። የካሜራ ትሪፖድ ራስ የሚፈልገው 3/8 ኢንች በ16 ጥርስ ነው። አጎትህ በጣት የሚያዝ ትንሽ አዳፕተር ከዱባይ ሊያመጣልህ ይችላል። ካልሆነም ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ከነሐስ ወይም ከብረት ይቆርጥልሃል፤ ሁለቱን ብሎኖች ናሙና ይዘህለት ሂድ። ሚሊሜትር ብሎን «ይቀራረባል» ብሎ እንዳይሠራልህ ብቻ ተጠንቀቅ። ይህ ትሪፖድ ለእግር ጉዞ አይሆንም። ሳነቴን ግን ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ስለሚያቋርጠው መኪናህ አጠገብ ትተክለዋለህ።

የትሪፖዱ ራስ ላይ አትሰስት። ጥሩ እግር ላይ ደካማ ቦል ሄድ (በኳስ ላይ የሚዞር ራስ) ካሰርክ ገንዘብህ ባከነ። ኳሱ 40 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትነው፦ ረጅሙን ሌንስ እሰር፣ ሩቅ ያለ ነገር መሃል ላይ አድርግ፣ ቆልፍና እጅህን ልቀቅ። ምስሉ ወደ ታች ከሰመጠ አትግዛው። ከዚያ ላይቭ ቪው ላይ፣ ማለትም የካሜራው ስክሪን ላይ፣ ምስሉን 10 ጊዜ አጉላና ሌንሱን በጣትህ ቀስ ብለህ መታ አድርገው። በአንድ ሰከንድ ገደማ ከረጋ ጥሩ ነው። ሦስት አራት ሰከንድ ከተወዛወዘ ሻጩን አመስግነህ ውጣ። ሌንሱ ሁልጊዜ የሚታሰረው በራሱ ቀለበት ጫማ ነው፣ ማለትም ሌንሱን በከበበው ቀለበት ሥር ባለው እግር፤ ካሜራውን አስረህ ሁለቱን ኪሎ አታንጠልጥል። የጫማው ፕሌት (ጫማውን ከራሱ ጋር የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት) ረጅም ይሁን፤ ሁለት ብሎን ከያዘ አይዞርም። የላዩ ጎማ ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ ግን ራሱ ይወዛወዛል።

ስለ ከዋክብቱ። በ18 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ባንተ ሴንሰር፣ 15 ሰከንድ ያህል ክፍት ብታደርገው ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ በላይ መሬት ስለምትዞር ይጎተታሉ። በ600 ሚሊሜትር ግን አንድ ኮከብ በአንድ ሰከንድ ከ10 ፒክስል በላይ ይሄድብሃል። ስለዚህ ኦሪዮን ኔቡላን (የሰማይ ላይ የጋዝ ደመና) በረጅሙ ሌንስ ላንሳ ካልክ የዓለም ምርጡ ትሪፖድም አያድንህም። ሰማዩን የሚከተል ትራከር ያስፈልጋል። እሱን ለዛሬ እንዳትገዛ እመክርሃለሁ፤ አንዱ ምክንያት ዋጋው፣ ሌላው ደግሞ ያለንበት ቦታ ነው። ትራከር የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ነው። ሀዋሳና ባሌ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 7 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። አንድ ኮረብታ ወይም ጭጋግ ይሸፍነዋል። ወደፊት ስትገዛ መደገፊያው እስከ 7 ዲግሪ ዝቅ እንደሚል አረጋግጥ።

ሰፊው ሌንስህ ግን በመጋቢት ብዙ ያሳይሃል። ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ)፣ ያ ወፍራሙ መሃሉ፣ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ደቡብ ላይ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ከፍታው 50 ዲግሪን ስለሚያልፍ የትሪፖድህ ራስ ያን ያህል ቀና ማለቱን ቀን ላይ ሞክር፤ አንዳንዱ የቪዲዮ ራስ እጀታው ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጥ። አምባው ላይ ለማደር ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድመህ ተነጋገር። ቦታው ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ውርጭ ይጥላል፣ ባትሪም ቶሎ ይሞታል። መለዋወጫውን ባትሪ ደረትህ ኪስ ውስጥ አሙቀው።

እዚያ ዋናው ጠላትህ ነፋስ ነው። እግሮቹን አሳጥራቸው፤ ማርዘም ካለብህም ቀጭኑን የታችኛውን ክፍል መጨረሻ ላይ አውጣ። አንዱን እግር ሌንሱ ወደሚያይበት አቅጣጫ አድርግ። የካሜራውን ማንገቻ ፍታ፣ ነፋስ ሲያርገበግበው ካሜራውን ይነቀንቀዋል። ቦርሳህን መሃል ላይ ብታንጠለጥል ግማሹ መሬት ይንካ፤ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ራሱ እየተወዛወዘ ይነቀንቅሃል። ታይመሩን በሰፊ ሌንስ 2 ሰከንድ፣ በረጅሙ 10 ሰከንድ አድርግ። ካሜራህ ኤሌክትሮኒክ የመጀመሪያ መጋረጃ (የሹተሩን የመክፈቻ ምት የሚያስቀር) ካለው አብራው። በረጅሙ ሌንስ ላይ ያለውን የንቅናቄ ማረጋጊያ ደግሞ አጥፍተህም አብርተህም አንሳና አወዳድር፤ አንዳንዱ ትሪፖድ ላይ ሲሆን ራሱ ይቅበዘበዛል።

ለአጎትህ የምትልከው ዝርዝር እንግዲህ ይኼ ነው፦ የቀያሽ እግር እዚህ ካገኘህ፣ ባለ 40 ሚሊሜትር ኳስ ቦል ሄድ፣ ረጅም ፕሌትና ያቺ ከ5/8 ወደ 3/8 የምትቀይር አዳፕተር ብቻ። ካላገኘህ፣ 28 ሚሊሜትር፣ ባለ ሦስት ክፍል አሉሚኒየም እግር ከዚያው ቦል ሄድ ጋር። ትሪፖዱን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያስገባው፤ በእጅ ይዞ ሲገባ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩበት ይችላሉ።

እስከዚያው ጨረቃዋን በማንዋል ሞክራትና ውጤቱን ጻፍልኝ።