«ዳር» የማን ቃል ነው? ጥያቄና መልስ ከጣና ዳር

ሰሞኑን ቡና ላይ አንድ ወንድማችን «ባሕር ዳርና ዳሬሰላም በስም ዘመዳሞች ናቸው» አለ። ክርክሩ ጦፈ። እኔም ስለዚች ሁለት ፊደል ቃል ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ አልኩ፤ ቋንቋ የምወደው ጉዳይ ነው። ከመጡት ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ።

ጋሼ፣ የዳሬሰላም «ዳር» ከእኛው ጋር አንድ ነው ወይስ አይደለም?

አይደለም። የዳሬሰላም «ዳር» ዐረብኛ ነው፣ ቤት ወይም መኖሪያ ማለት ነው። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የቆረቆሯት የዛንዚባሩ ሱልጣን ማጂድ ናቸው፤ ስሟም «የሰላም ቤት» እንደ ማለት ነው። ዳርፉርም እንደዚያው የፉር ሕዝብ አገር ማለት ነው። እኛ ካዛብላንካ የምንላትን ከተማ ዐረቦቹ «አድ ዳር አል በይዳ» ይሏታል፣ ነጩ ቤት። የእኛ «ዳር» ግን ጠርዝ ነው፣ ቤት ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ክርክሩን ተሸንፈሃል።

ጣና ሐይቅ ነው። ታዲያ ከተማችን ለምን «ሐይቅ ዳር» አልተባለችም?

ይሄን የጠየቀች እህቴ ትባረክ፤ ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ነው። መጀመሪያ፣ የድሮ ሰው ሰፊ ውሃን ሁሉ «ባሕር» ነው የሚለው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዳር ቆመሽ ስታዪው ወዲያ ማዶው አይታይም። አያቶቻችን «ባሕር» ቢሉት ምን ይገርማል? ከተማዋም ቀድሞ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ባሕር ጊዮርጊስ ትባል ነበር።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይገርማል። በግእዝ «ሐይቅ» ማለት ውሃው አይደለም። ዳሩ ነው! ወንጌሉን በግእዝ ስታነቢ «ሐይቀ ባሕር» የሚል ታገኛለሽ፤ ትርጉሙ የባሕሩ ዳርቻ ነው። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመጣ ከዳሩ ወደ ውሃው ገባ፣ ዳሩን ደግሞ «ዳር» ወረሰው። እንግዲህ «ሐይቀ ባሕር»ን ቃል በቃል ወደ ዛሬ አማርኛ ብትመልሺው ምን ይወጣል? ባሕር ዳር። እኔ ይሄን መጀመሪያ ያስተዋልኩ ቀን ከመጽሐፉ ተነስቼ ወደ ሐይቁ ወርጄ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር።

ሩሲያ የተማረ አጎቴ «ዳር» ስጦታ ነው ይላል። ልክ ነው?

ልክ ነው። ሩሲያኛውም ፖላንድኛውም እንደዚያ ይላል። ስፓኒሽ ላይ ደግሞ «ዳር» መስጠት ማለት ነው። እነዚህ በእርግጥም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሥራቸው ጥንታዊ የመስጠት ቃል ነው። የግሪኩ «ዶሮን»ም ከዚያው ነው፣ ትርጉሙም ስጦታ። እሱ ደግሞ እኛ ጋ መጥቷል። የት? «ቴዎድሮስ» ውስጥ፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። ከጣና በስተ ምዕራብ ቋራ የተወለዱት አፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት ስም ከሩሲያኛው «ዳር» ጋር ሥር ይጋራል፣ ከባሕር ዳሩ «ዳር» ጋር ግን ምንም አይገናኝም። አጎትህን ሰላም በልልኝ።

የሕንዶቹ «ሰርዳር»ስ?

ፋርስኛ ነው። እዚያ መጨረሻ ላይ የሚገባው «ዳር» ያዥ፣ ባለቤት ማለት ነው። «ሰር» ራስ ስለሆነ ሰርዳር አዛዥ ይሆናል፤ «ዘሚንዳር» ደግሞ ባለ መሬት። ቱርክኛ ላይ ብትሄድ «ዳር» ጠባብ ነው።

ሮማንያኛ «ዳር» ሲል «ግን» ማለቱ ነው አሉ። የእኛ «ዳሩ ግን» ከዚያ ነው የመጣው?

አይ፣ ግጥምጥሞሽ ነው። የእኛው «ዳሩ» እዚሁ አማርኛ ውስጥ ያደገ ነው፣ ደግሞ ምን ያህል እንዳደገ ተመልከቱ። ዳር ድንበር አለ። ዳር ዳር ማለት አለ፣ ነገሩን በቀጥታ የማይናገር ሰው። የተጀመረን ሥራ «ዳር ያድርስልን» እንላለን። «ዳሩ ሲፈታ መሀሉ ዳር ይሆናል» ደግሞ አለ። አንድ ቀን ዘጌ በኩል ከደንገል የተሠራች ታንኳ የሚቀዝፍ ሽማግሌ አየሁ። ንፋሱ ተነስቶ ነበር፤ ከኋላው ለሚመጣው ልጅ «ዳር ዳሩን! ዳር ዳሩን ና!» ይለዋል። ልጁም ታንኳዋን ወደ ቄጠማው አስጠጋት። እዚያ ቦታ ላይ ቃሉ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፣ ነፍስ ነው።

ታዲያ ሁለት ቃላት ዘመድ መሆናቸው በምን ይታወቃል? ድምፁ አንድ ከሆነ አይበቃም?

አይበቃም። አጭር ቃል በየአገሩ ሞክሼ አያጣም፣ ስንት ድምፅ አለና! ትርጉሙም መቀራረብ አለበት፤ በእህት ቋንቋዎችም በወጉ መገኘት አለበት። ለምሳሌ የከተማችንን ስም የመጀመሪያ ግማሽ ውሰዱ። በግእዝ ባሕር፣ በትግርኛ ባሕሪ፣ በዐረብኛም ባሕር፤ ሦስቱም ውሃ ነው የሚያወሩት። ይሄ ዝምድና ነው። ስዋሂሊው «ባሃሪ» ሲል ግን ከዐረብኛ ተውሶ ነው፤ ውሰት ሌላ፣ ዝምድና ሌላ።

ዐረብኛው «ባሕር» ደግሞ ለትልቅ ወንዝም ይሆናል። ሱዳኖች ዓባይን «ባሕር አል አዝረቅ» ይሉታል፣ ሰማያዊው ባሕር። ያ ማለት እዚህ ከከተማችን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ «ዳር»ን እኛ ጋ ትቶ «ባሕር»ን ይዞ ካርቱም ይገባል።