ዛፉን ማን ቆረጠው? ስለ ሳተላይት ምስል የጠየቃችሁኝ

ስለ ደን ምንጣሮና ስለ ሳተላይት የላካችሁልኝ ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ዛሬ አራቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለምስል የምከፍለው ገንዘብ የለኝም። በነጻ ይገኛል?

መልስ፦ በደንብ! የአሜሪካው ላንድሳት ሳተላይት ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሳ ኖሯል፣ ማኅደሩም ከ2008 ወዲህ ለማንም ክፍት ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ደግሞ በ10 ሜትር ጥራት ያሳይሃል፤ እያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ መሬት ላይ 10 በ10 ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። በዚህ ጀምር።

ጥያቄ፦ የማየው ቦታ ሁሌም ደመና ነው፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሴንቲኔል 1። በራሱ የሬዲዮ ሞገድ የሚያይ ራዳር ስለሆነ ደመና አያግደውም፣ ሌሊትም ያያል።

ጥያቄ፦ ግሎባል ፎረስት ዋች (የዓለምን ደን ለውጥ በካርታ የሚያሳይ ድረ ገጽ) ላይ አንድ አካባቢ ሮዝ በሮዝ ሆኗል። ደን ተጨፈጨፈ ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ሮዙ የሚነግርህ የዛፍ ሽፋን መጥፋቱን ብቻ ነው። ለሽያጭ የተተከለ ባሕር ዛፍ ደርሶ ቢቆረጥም፣ ሰደድ እሳት ቢበላውም ያው ሮዝ ነው። ከመቆረጡ በፊት የተነሳውን ጥርት ያለ ምስል ፈልግና ጠጋ ብለህ እየው። የተፈጥሮ ደን ከላይ ሲታይ ሻካራ ነው፤ ትልቁም ትንሹም ዛፍ ተደባልቆ ጥላው ወጣ ገባ ይላል። የተተከለው ግን ልሙጥ ነው፣ ረድፉም ይለያል።

ጥያቄ፦ መመንጠሩን አረጋግጫለሁ። ምርቱ ወዴት እንደሚሄድ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ልፋቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የምርቱን ጠባይ እወቂ። ለምሳሌ የፓልም (ዘይት የሚጨመቅበት የዘንባባ ዓይነት ዛፍ) ፍሬ ከተቆረጠ በኋላ በ24 ሰዓት ገደማ ካልተጨመቀ ዘይቱ ይበላሻል፣ ስለዚህ ሩቅ አይጓዝም። ከማሳው ተነሺና መንገዱን በምስሉ ላይ ተከተይ። ሰፋፊ ጣሪያ፣ አጠገቡም በረድፍ የተቆፈሩ የፍሳሽ ኩሬዎች ካየሽ መጭመቂያው ሊሆን ይችላል። ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ዘይት የሚገዙባቸውን መጭመቂያዎች ዝርዝር ስለሚያወጡ ስሙን እዚያ ፈልጊ። ስሙ ተገኘ ማለት ግን ከዚያ ማሳ ፍሬ ገብቷል ማለት አይደለም! ለዚህ ጭነቱን የሚያውቅ ሾፌር ወይም የርክክብ ወረቀት ያስፈልግሻል።

የከብት ነገር ይብሳል። አማዞን ውስጥ ጥጃው በሕገወጥ መንገድ በተመነጠረ መሬት ላይ ያድግና ከመታረዱ በፊት ችግር ወደሌለበት እርሻ ይዛወራል፤ ቄራው ብዙ ጊዜ የሚመረምረው ያንን የመጨረሻውን እርሻ ነው። ብራዚል ውስጥ ከብት ሲጓጓዝ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚገልጽ ጂቲኤ የሚባል ወረቀት ይቆረጥለታል። ወረቀቶቹን ከእርሻዎቹ የወሰን ካርታ ጋር ማገናኘት ከቻልሽ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ይፈታልሻል።

አደራ፣ የሰው ስም ከመጻፍሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂው። የወሰን ካርታ ያረጃል፣ መስመሩም ይንሸራተታል። የግሎባል ፎረስት ዋች ሮዝ የሚወጣው ከላንድሳት ምስል ነው፣ የምስሉም እያንዳንዱ ነጥብ መሬት ላይ 30 በ30 ሜትር ይሸፍናል፤ ትንሽ ማሳ ላይ ይህ ስሕተት ጥፋቱን ወደ ጎረቤት ሊያሻግር ይችላል፣ ያ ጎረቤት ደግሞ ራሱን የሚከላከልበት ጠበቃ የሌለው ገበሬ ሊሆን ይችላል።