ቆጣቢው ፓርቲ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ የምኖር የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። ሪፐብሊካኖች «መንግሥት ይነስ» ባዮች፣ ዴሞክራቶች ደግሞ መንግሥት ኪሱን እንዲከፍት የሚሹ እንደሆኑ ስሰማ ኖሬአለሁ። ልጄ ግን «በሊንከን ዘመን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር» ትለኛለች። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862፣ በሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት በአብርሃም ሊንከን ዘመን፣ ሪፐብሊካኖች የሚመሩት ኮንግረስ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ፓስፊክ ለሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ መሬትና ብድር ፈቅዷል፤ ለሰፋሪ ገበሬ 160 ኤከር የሚሰጥና ለኮሌጆች ማቋቋሚያ መሬት የሚመድብ ሕግም አጽድቋል። በአንጻሩ ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ፣ በ1887 ድርቅ ለመታቸው የቴክሳስ ገበሬዎች የዘር መግዣ እንዲሆን የተፈቀደውን 10,000 ዶላር፣ ሕዝብ መንግሥትን ይደግፋል እንጂ መንግሥት ሕዝብን መደገፍ የለበትም በማለት ውድቅ አድርገውታል። ለዘር እህል ነው እንግዲህ!

ዴሞክራቱ ፍራንክሊን ሩዝቬልት እንኳ በ1932 ምርጫ ሲወዳደሩ የፌዴራል መንግሥቱን የሥራ ማስኬጃ ወጪ 25 በመቶ እንደሚቀንሱ ፒትስበርግ ላይ ቃል ገብተው ነበር። ሥልጣን ሲይዙ ግን ሥራ አጡ ብዙ ነበርና የመንግሥት ወጪ በእጅጉ ጨመረ፤ የከተማው ሠራተኛም የፓርቲው ዋና ደጋፊ ሆነ። አቋምን በዘላቂነት የሚለውጠው እንዲህ ያለው የመራጭ ለውጥ ይመስለኛል።

ሌላው ለውጥ ከወንበር ጋር የሚመጣና የሚሄድ ነው። ባራክ ኦባማ በ2006 ሴናተር ሳሉ የዕዳው ጣሪያ፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥቱ ሊበደር የሚችለው የመጨረሻ መጠን፣ ከፍ እንዳይል ድምፅ ሰጡ፤ በ2011 ፕሬዚዳንት ሆነው ያንኑ ጣሪያ ከፍ ለማስደረግ ሲሟገቱ የቀድሞ ድምፃቸው ስሕተት እንደነበር አመኑ። በዚያው ዓመት ያለ ወጪ ቅነሳ አንፈቅድም ብለው አገሪቱን ዕዳዋን መክፈል ወደሚያቅታት ጠርዝ ያደረሷት ሪፐብሊካኖች በበኩላቸው፣ ዶናልድ ትራምፕ በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመናቸው ሳሉ ጣሪያው ሦስት ጊዜ ሲታገድ (ለጊዜው ሲነሣ) ያን ያህል ግብግብ አልገጠሙም።

በሥልጣን ክፍፍልም ያው ነው። የደቡብ ዴሞክራቶች የዘር መድልዎን ለማቆየት ይጠቅሱት የነበረውን የክፍለ ግዛት መብት (ክፍለ ግዛት በራሱ ጉዳይ ራሱ ይወስን የሚለውን መርሕ)፣ ዴሞክራቶች የሚያስተዳድሯት ካሊፎርኒያ ለተቃራኒ ዓላማ አንሥታዋለች፤ በ2017 ያወጣችው ሕግ የአካባቢ ፖሊስ ለፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን ትብብር የሚገድብ ሲሆን፣ ክስ መሥርቶ ለፌዴራሉ የበላይነት የተሟገተው የሪፐብሊካኑ አስተዳደር ነበር።