የድሬ ሙቀት፣ የደንገጎ ዳገት እና የጎማ ንፋስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ያገለገለች ሆና ከጃፓን የገባች ቪትዝ አለችኝ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሸቀጥ ጭኜ በደንገጎ በኩል ሐረር ደርሼ እመለሳለሁ። አንዱ ጎሚስታ ሁልጊዜ 40 ይሞላልኛል፤ ሌላው ደግሞ «በድሬ ሙቀት ጎማ ስለሚያብጥ ከ26 አያልፍም» እያለ ያስተነፍስልኛል። ጎማው ላይ የተጻፈው 44 ነው። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱንም አይስሙ። በጎማው ጎን ላይ ያነበቡት 44 ጎማው እንዲይዝ የሚፈቀድለት የመጨረሻ ግፊት ነው፤ ያው ጎማ ከቪትዝ በሚከብድ መኪና ላይም ሊገጠም ስለሚችል፣ የጎማው አምራች የእርስዎን መኪና አስቦ የጻፈው ቁጥር አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር ያለው መኪናውን የሠራው ፋብሪካ የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ፍሬም ላይ በለጠፈው ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዘዋወረ ከሆነ ጽሑፉ ከመሪው ጋር አልተዘዋወረምና በቀኝ በኩል፣ ዛሬ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት በር ይፈልጉት። ቁጥሩ በኪሎ ፓስካል ከተጻፈ ለ6.9 ሲያካፍሉት ጎሚስታው የሚያውቀውን ፒኤስአይ ያገኛሉ፤ ለምሳሌ 230 ኪሎ ፓስካል 33 ገደማ ነው።

የሁለተኛው ጎሚስታ ምክር በብዙ ሰው ዘንድ የታመነ ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ እውነት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ተኩል ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ፋብሪካው ግን ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ የለጠፈው ቁጥርም የቀዝቃዛ ጎማ ልክ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ እየታጠፈ ይዘረጋል፤ ይህ መተጣጠፍ ከአስፋልቱ ሙቀት በላይ ከውስጥ ያግለዋል፤ በተለይ ጭነት ሲኖር በመጨረሻ የሚያፈነዳውም ይኸው ነው። ስለዚህ ሙቀትን ፈርቶ ማስተንፈስ የፈሩትን መጥራት ይሆናል። የመጀመሪያው ጎሚስታ 40 በአንጻሩ የጎማውን መሐል ብቻ አስፋልቱ ላይ ስለሚያሳርፍ ጥርሱ ከመሐል ይበላል፣ መኪናዋ ትነጥራለች፣ የፍሬን መያዣ ርቀቱም በተለይ ዝናብ ሲጥል ሊረዝም ይችላል።

የሚለኩት ጠዋት ሳይነሡ፣ ወይም መኪናዋ ሦስት ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ከቆመች በኋላ ይሁን። ከሐረር እንደ ተመለሱ በጋለ ጎማ ላይ 37 ወይም 38 ቢያነቡ አይደንግጡ፣ አያስተንፍሱም፤ ያን ጊዜ ያስተነፈሱት ጎማ በማግሥቱ ጠዋት ጎድሎ ይጠብቅዎታል። ለጭነት የተለየ ቁጥር በጽሑፉ ላይ ወይም በመኪናዋ መመሪያ ውስጥ ካለ፣ ሸቀጥ በሚጭኑበት ቀን በእርሱ ይሙሉ። ጎማ ሳይበሳም በወር አንድ ፒኤስአይ ያህል ሊያጣ ስለሚችል፣ የራስዎ አነስተኛ መለኪያ ቢኖርዎ ይመረጣል፤ የየጎሚስታው መለኪያ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን እኔ በበኩሌ እጠራጠራለሁ።

ዳገቱም አያሳስብዎ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሽቅብ ሲወጡ የውጩ አየር ስለሚሳሳ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያሳያል፤ ነገር ግን ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ስለሚጣፉ ድሬ ላይ በቀዝቃዛው የሞሉት ለሐረርም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነኝ። ስኮርታ ጎማዬን ስንት ልሙላው?

መልስ፦ እንደ ሌሎቹ ያለ ሙሉ ጎማ ከሆነ በመኪናው ላይ ከተለጠፉት ቁጥሮች በትልቁ ይሙሉት፤ በችግር ጊዜ ማስተንፈስ ይቀላል፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ንፋስ የሚሞላ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ቀጭኑ ጊዜያዊ ጎማ ከሆነ ግን በአብዛኛው 60 ፒኤስአይ ይፈልጋል፤ በጎኑ ተጽፎ ያገኙታል። በእርሱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም።