መልስ፦ በዕድሜ የሚበልጡኝን የሒሳብ ሠራተኛ እንዴት ላርም?
በ27 ዓመትህ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆነህ የ57 ዓመት ሰው ስሕተት ማረም ከብዶኛል ላልከው፦ «ጋሼ»ንም «እርስዎ»ንም አትተው። ሹመት አንቱታን አያነሳም፤ ድንገት «አንተ» ብትላቸው ክፍሉ በሙሉ ያኮርፍሃል። ግን አክብሮቱ ሲበዛም ሥራው ይበላሻል፦ ስሕተቱን በዝምታ ራስህ ታርመዋለህ፣ በሚቀጥለው ወር ያው ይደገማል።

ሰው በሌለበት ሰዓት የባንክ መግለጫውን ይዘህ ጠረጴዛቸው ድረስ ሂድ። አንዷን መስመር ብቻ አሳይ፦ «ጋሼ፣ ይቺ 4,500 ብር መዝገባችን ላይ 5,400 ሆናለች፤ አብረን እንያት?» (አሃዝ ሲገለባበጥ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል፤ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም።) ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ ያለው ኢሜይል መጀመሪያ አትላክ፣ ክስ ይመስላል። ሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ግን በጽሑፍ ይሁን። ሰኔ 30 የሒሳብ ዓመት መዝጊያ ላይ አታንሳው፤ ያኔ ሁሉም ሰው ግልፍተኛ ነው።