ፉትቦል ለምን በየሰከንዱ ይቆማል? ለእህታችን ጥያቄ የተጻፈ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጅሽ ዘንድሮ ሃይስኩል ገብቶ ፉትቦል፣ ማለትም የአሜሪካኖቹን ጨዋታ፣ ካልተጫወትኩ ብሎ አስቸግሮሻል። ሄደሽ ብታዪው ደግሞ ልጆቹ ለአምስት ሰከንድ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ከዚያ ተነስተው ክብ ሰርተው ይመካከራሉ። «ለምንድነው በየሰከንዱ የሚቆመው? ይሄን ጨዋታ ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ልጄንስ ይጎዳብኝ ይሆን?» ብለሻል። የሶስቱም መልስ አንድ ቦታ ስለሚገናኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኔ እዚህ ሜሪላንድ ልጄ በተጫወተበት ሃይስኩል ለተወሰኑ ዓመታት ሰንሰለት ያዥ፣ ማለትም ኳሷ የሄደችበትን ርቀት ከሚለኩት አንዱ፣ ነበርኩ። በሜዳው ዳር ብርቱካናማ ዘንግ ይዘው የሚቆሙትን ሰዎች አይተሻቸው ይሆናል። አብዛኞቹ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ወላጆች ናቸው። ጨዋታውን የለመድኩት እዚያ ቆሜ ነው። «ይሄ ህግ ግን ለምን ሆነ?» እያልኩ ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። እና የፉትቦልን ህግ መሸምደድ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ህግ የወጣው አንድ ሰሞን አንድ ችግር ስላፈጠጠ ነው። አሰልጣኞች ቀዳዳ ያገኛሉ፣ ህግ አውጪዎች ይደፍኑታል፣ አሰልጣኞቹ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ችግሩን ካወቅሽው ህጉ በራሱ ይገባሻል።

ሲጀመር ነገሩ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ብዙም አይርቅም ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 6 ቀን 1869 ረትገርስና ፕሪንስተን ኒው ጀርሲ ውስጥ ተጋጠሙ። በየወገኑ 25 ሰው ተሰለፈ። ኳሷ ድቡልቡል ነበረች፤ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው። ረትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። አሜሪካኖች የኮሌጅ ፉትቦልን ልደት የሚቆጥሩት ከዚያ ቀን ነው።

መልኩ የተቀየረው በካናዳ እንግዶች ነው። በ1874 የሞንትሪያሉ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ሃርቫርድ መጥተው ሁለት ጨዋታ አደረጉ፤ አንዱን በሃርቫርድ ህግ፣ ሌላውን በራሳቸው የራግቢ ህግ። ሃርቫርዶች ሞላላዋን ኳስ አቅፎ መሮጡን በጣም ወደዱት። በዓመቱ ከዬል ጋር ተጋጠሙ፣ ዬሎችም ወደዱት። በ1876 ትልልቆቹ ኮሌጆች ማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ላይ ተሰብስበው ከራግቢ የተቀዳ የጋራ ህግ አጸደቁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ እንምጣ። በራግቢ ኳስ የያዘው ሰው ሲያዝ ሁሉም ተጠጋግቶ ይገፋፋል፣ ኳሷ ከዚያ ክምር ውስጥ ለማን እንደምትወጣ አይታወቅም። ዋልተር ካምፕ የሚባል የዬል ተጫዋች ይሄ አልጣመውም። በ1880 ሁለት ነገር አስለወጠ። አንደኛ፣ ተጫዋቾቹ ከ15 ወደ 11 እንዲቀነሱ። ሁለተኛው ነው ትልቁ፦ ኳስ የያዘው ሰው ሲወድቅ ኳሷ የዚያው ቡድን ትሁን፣ ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት ይሰለፉ፣ መሃል ያለው ሰው ኳሷን ወደ ኋላ ለኳርተርባኩ (ኳሷን ተቀብሎ ጨዋታውን ለሚመራው ተጫዋች) ይስደድ። ያኔ በእግር ነበር የሚሰደደው። ጨዋታው መቆም የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ቆመው ስለሚሰለፉም ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ ማቀድ ቻሉ። የአሰልጣኝ ስራ ትልቅ የሆነውም በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ግን ወዲያው ሌላ ጣጣ መጣ። ኳሷ የአንድ ቡድን ከሆነች ለምን ትለቀቃለች? በ1881 ፕሪንስተንና ዬል ሲጋጠሙ አንዱ የመጀመሪያውን አጋማሽ፣ ሌላው ሁለተኛውን አጋማሽ ኳሷን ታቅፎ ጨረሰው። 0 ለ 0። ተመልካቹ ተናደደ። በማግስቱ ዓመት በካምፕ ሃሳብ አዲስ ህግ ወጣ፦ በሶስት ሙከራ ቢያንስ 5 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ወደፊት ካልሄድክ ወይም 10 ያርድ ወደ ኋላ ካልተመለስክ ኳሷን አስረክብ። ሙከራው ዳውን ተባለ። 5 ያርዱን ለመለካት ደግሞ ሜዳው በየ5 ያርዱ ነጭ መስመር ተሰመረበት። ልጅሽ የሚጫወትበት ሜዳ ላይ ያሉት መስመሮች እነሱ ናቸው።

ዛሬ በአራት ሙከራ 10 ያርድ ነው። የእኛ ሰንሰለትም ልክ 10 ያርድ ነው፤ ሁለት ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ ይታሰራል። ሶስተኛው ሰው ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ያለበት ዘንግ ይይዛል። ሰንሰለቱ ላይ ደግሞ ትንሽ መቆንጠጫ አለች፤ ከነዚያ የ5 ያርድ መስመሮች አንዱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ትደረጋለች። ዳኛው ሲጠራን ዘንጋችንን ይዘን ወደ መሃል እንሮጣለን። መቆንጠጫዋ እዚያው መስመሩ ላይ ትያዛለች፣ የፊተኛው ሰው ሰንሰለቱን ይወጥረዋል። ያኔ ሜዳው ጸጥ ይላል። ኳሷ ዘንጉ ጋ ደርሳለች ወይስ በአንድ ጣት ጎድላለች? አንዳንዴ ጨዋታው በሙሉ በዚያች ጣት ይወሰናል። የካምፕን ህግ በእጄ እንደያዝኩ የሚሰማኝ እንዲህ ያለ ጊዜ ነበር።

ስለ ካምፕ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ በጣም ስለምወደው ነው። ሰውየው ኑሮውን የሚገፋው ኒው ሄቨን ውስጥ በአንድ የሰዓት ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። ልምምዱ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከስራ መውጣት አይችልም። እናም ባለቤቱ አሊስ ሜዳው ዳር ቆማ ታያለች፣ ማን ምን እንደሰራ በማስታወሻ ትይዛለች፣ ማታ ትነግረዋለች። የቡድኑ ሰዎችም ማታ ቤታቸው እየመጡ ይመካከራሉ። በ1888 ዬል 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ፤ 698 ነጥብ አስቆጠረ፣ የተቆጠረበት ዜሮ ነው። የዚያ ቡድን አይን አሊስ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ፉትቦል የወንዶች ነገር ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ብለሽ ስለጻፍሽ ነው ይሄን የነገርኩሽ።

ከካምፕ እጅ ከወጡት አሰልጣኞች ትልቁ አሞስ አሎንዞ ስታግ ነው። ዬል የገባው ሰባኪ ለመሆን ነበር። በ1892 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 41 የውድድር ዘመን አሰለጠነ። 70 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ውጣ ቢሉት ካሊፎርኒያ ሄዶ ቀጠለ፣ በ81 ዓመቱም የዓመቱ አሰልጣኝ ተባለ። 102 ዓመት ኖሮ በ1965 ነው ያረፈው።

ወደ ሶስተኛው ጥያቄሽ ልሂድ፣ እሱ ነው የሚያስጨንቅሽ።

በ1892 ሎሪን ዴላንድ የሚባል፣ ራሱ ፉትቦል ተጫውቶ የማያውቅ ሰው፣ ለሃርቫርድ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ተጫዋቾቹ ከሩቅ ተንደርድረው መጥተው እንደ ሽብልቅ ተጣብቀው አንድ ሰው ላይ ይወርዳሉ። ጉዳቱ ስለበዛ በ1894 ታገደ። ቢሆንም ተጠጋግቶ መግፋት በሌላ መልክ ቀጠለ፤ 5 ያርድ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው መገፋፋት ያዋጣል። ሄልሜት ግዴታ አልነበረም። በ1905 የውድድር ዘመን ብቻ አንድ የቺካጎ ጋዜጣ 18 ሟቾችን ቆጠረ። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሀውስ ጠራቸው፤ ካምፕም ነበረበት። የፕሬዚዳንቱ ልጅ ራሱ በሃርቫርድ የአንደኛ ዓመት ቡድን ይጫወት ነበር። ኖቬምበር ላይ የዩኒየን ኮሌጅ ተጫዋች ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወት ሞተ። ኮሎምቢያ ፉትቦልን ጭራሽ ዘጋው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ማክራከን የኮሌጆች ስብሰባ ጠራ፤ ዛሬ ኤንሲኤኤ የሚባለው፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው።

በ1906 አዲስ ህግ ወጣ። 5 ያርዱ 10 ሆነ፤ በመገፋፋት ብቻ እንዳይሞላ። ፊት ለፊት በሚሰለፉት ሁለት ቡድኖች መካከል ክፍተት ተደረገ። ኳስን ወደፊት መወርወርም ተፈቀደ፤ ሰው እንዲበተን። አሁን ቴሌቪዥን ላይ ሰው የሚያጨበጭብለት ረጅም ውርወራ የመጣው የልጆች ሞት ለማስቆም ነው። ይሄን ያነበብኩ ቀን ጨዋታውን በሌላ አይን ማየት ጀመርኩ።

አሰልጣኞቹ መጀመሪያ ላይ አላመኑበትም። ሳይያዝ የወደቀ ኳስ ለተጋጣሚ ይሰጥ ስለነበር ማን ይደፍራል? የደፈረው የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲው ኤዲ ኮከምስ ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1906 ዊስኮንሲን ውስጥ የእሱ ተጫዋች ብራድበሪ ሮቢንሰን የመጀመሪያውን ህጋዊ ውርወራ ወረወረ፤ ሳይያዝ ቀረ፣ ኳሷም ሄደች። በዚያው ጨዋታ ደግሞ ሞክሮ ታችዳውን (ኳሷን ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር አሻግሮ ነጥብ ማግባት) ሆነ። ሰፊው ህዝብ የነቃው ግን በ1913 ነው። ኖትር ዳም ዌስት ፖይንት ሄዶ የጦር አካዳሚውን ቡድን 35 ለ 13 በውርወራ አሸነፈ። ከሚቀበሉት አንዱ ኑት ሮክኒ፣ ከኖርዌይ በልጅነቱ የመጣ የስደተኛ ልጅ ነው። ኋላ የኖትር ዳም አሰልጣኝ ሆኖ 105 ጨዋታ አሸንፎ 12 ብቻ ተሸነፈ። በ1931 ካንሳስ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ ገና 43 ዓመቱ ነበር።

ፖፕ ዋርነር የሚለውን ስም በልጆች ሊግ ትሰሚዋለሽ። ሰውየው በጣም ብልህ አሰልጣኝ ነበር። ስሙን የተከለው ግን ፔንሲልቬንያ ካርላይል በነበረው የአገሬው ተወላጅ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ያ ትምህርት ቤት ልጆቹን ከወገናቸው ነጥሎ፣ ጸጉራቸውን ቆርጦ፣ ቋንቋቸውን ከልክሎ የሚያሳድግ ነበር። ከዚያ ውስጥ የወጣው ቡድን በ1911 ሃርቫርድን 18 ለ 15 አሸነፈ፣ ጂም ቶርፕ አራት ጊዜ በእግሩ አስቆጥሮ። በ1912 ደግሞ የጦር አካዳሚውን 27 ለ 6 ረታ፤ በተሸነፈው ቡድን ውስጥ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አይዘንሃወር ነበር። ታሪኩ ሲወራ ሁሉም ስለ ዋርነር ብልጠት ነው የሚያወራው። እኔ ግን ክብሩን ለልጆቹ እሰጣለሁ። በ1914 ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለ ዋርነር ስድብና ስለ አያያዙ ለኮንግረስ መርማሪዎች ተናግረዋል።

ልጅሽ ማወቅ ያለበት ሁለት ጥቁር አሜሪካውያንም አሉ። ዊልያም ሄንሪ ሉዊስ በባርነት ከኖሩ ወላጆች ተወልዶ ሃርቫርድ ህግ እየተማረ በ1892 እና በ1893 ከአገሪቱ ምርጥ 11 ውስጥ ገባ፤ ከዚያ የሃርቫርድን ተጫዋቾች አሰለጠነ፣ በ1911 የአሜሪካ ረዳት ጠቅላይ አቃቤ ህግ ሆነ። ፍሪትዝ ፖላርድ ደግሞ በ1921 ኦሃዮ የአክረን ቡድንን እየተጫወተ አሰለጠነ፤ ዛሬ ኤንኤፍኤል በሚባለው የፕሮፌሽናሎች ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ እሱ ነው። ሁለተኛው እስኪመጣ እስከ 1989 ተጠበቀ። ልጆቻችን የሚጫወቱት እነዚህ ሰዎች በከፈቱት በር ገብተው ነው።

አሁን ለአንቺ የምመክርሽ። ልጅሽ ከመፈረሙ በፊት አሰልጣኙን አግኝተሽ ታክል (ኳስ የያዘውን ሰው ይዞ መጣል) እንዴት እንደሚያስተምር ጠይቂው፤ በትከሻ፣ ጭንቅላትን ከግጭቱ አርቆ መያዝን ማስተማር አለበት። በልምምድም በጨዋታም የህክምና ባለሙያ ሜዳ ላይ መኖሩን አረጋግጪ። እዚህ ሜሪላንድ ጭንቅላቱ ተመቷል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ይወጣል፤ የጤና ባለሙያ በጽሁፍ ካልፈቀደ አይመለስም። በምትኖሪበት ስቴት ህጉ እንዴት እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ። ለልጅሽም የራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማው እንዳይደብቅሽ ደጋግመሽ ንገሪው፤ ልጆች እንዳይወጡ ብለው ይደብቃሉ።

ጨዋታ ስትሄጂ ደግሞ መሃል አካባቢ ከፍ ያለ ወንበር ያዢ። ኳሷን ለመከተል አትድከሚ። ሰንሰለቱን እዪ፣ ከዚያ የሙከራውን ቁጥር እዪ። ሶስተኛ ሙከራ ሆኖ ብዙ ያርድ ከቀረ ብዙ ጊዜ ይወረውራሉ። አንድ ሁለት ያርድ ከሆነ ደግሞ አቅፎ መግፋት ነው። እንዲህ እያልሽ ጥቂት ጨዋታ ካየሽ አጠገብሽ ላሉት ታስረጃለሽ። ያልገባሽ ነገር ካለ እዚሁ ጻፊልኝ።