ልጅቷ ዛሬ ማታ የት ትደር?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሕግ አምድ አዘጋጅ። በጎንደር ከተማ ቅዳሜ ገበያ አቅራቢያ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ 10 ዓመት ግድም የሆናት፣ «ከተማ ገብታ ትማር» ተብላ ከደንቢያ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው ቢባልም የቤቱን እመቤት የምትጠራት «እትዬ» ብላ ነው። ባለፈው ወር ቀኝ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ በግራዋ ስትጽፍ አየኋት። ነጠላውን ስገልጠው ሦስት ጣቶቿ ተቃጥለው ውኃ ቋጥረዋል፤ «ድስት ሳወርድ ነው» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ክንዷ ላይ የሽቦ ሰንበር አየሁ፤ ስለ እሱ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ርእሰ መምህሩን ባማክር «የሰው ገበና ውስጥ አትግቢ» አሉኝ። ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ «ወላጇን ይዘሽ ነይ፤ ከሳሽ በሌለበት መዝገብ አይከፈትም» ተባልኩ። ሴትዮዋ መሄዴን ሰምታ ኖሮ በማግስቱ ልጅቷን ከትምህርት አስቀረቻት፤ ሽማግሌ ልኬ በስንት ልመና ተመለሰች። የማመልከት ግዴታ አለብኝ ወይስ የለብኝም? ሕጉስ ለልጅቷ ምን ያደርግላታል?
መምህርት፣ ከጎንደር

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ በፖሊስ ጣቢያ የተሰጠዎት መልስ ስሕተት ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ድርጊቱን በዓይኑ ያየም ሆነ ያላየ፣ ወንጀል መፈጸሙን የማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከሳሽ ካልቀረበ የማይንቀሳቀሱት ወንጀሎች ሕጉ ራሱ በግልጽ «በግል አቤቱታ» የሚያስቀጡ ናቸው ብሎ የለያቸው ብቻ ሲሆኑ፣ ሕፃንን ማንገላታት ከእነዚያ አንዱ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 መሠረት፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በአደራ ወይም በጥበቃው ሥር ያለው ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ቢጥል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ወንጀል ሠርቷል። እናት ልጇን ለትምህርት ብላ መላኳም ሆነ ሴትዮዋ አክስት መባሏ ይህን አይለውጠውም።

ይሁንና አንቀጹን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ደስታው ይቀንሳል። የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ቅጣት ከ3 ወር የማይበልጥ ቀላል እሥራት ነው። በልጁ ጤና፣ ትምህርት ወይም በአካልና በሥነ ልቦና ዕድገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ነው ቅጣቱ ከ1 ዓመት የማያንስ የሚሆነውና የቤተሰብ መብትም የሚሻረው። በዚያው ሕግ ተራ ስርቆት እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊያስከትል እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው፣ ማነጻጸሩ ያሳፍራል። በወሲብ ጥቃት ረገድ ሕጉ ጠንካራ ነው፤ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ ለሚፈጸመው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት አስቀምጧል። ድብደባንና ጉልበት ብዝበዛን የመሰለውን የዕለት ተዕለት በደል ግን በቀላሉ አልፎታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቅጠር ቢከለክልም የቤት ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ ስላደረገ፣ እትዬ ቤት ያለችው ልጅ በዚያም በር አትገባም።

ስለ ግዴታዎ ያነሡት ጥያቄ የጉዳዩ ዋና ሕመም ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 መሠረት ወንጀልን አለማስታወቅ በጠቅላላው የሚያስቀጣው ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። ስለዚህ ቁስሏን ያዩት እርስዎም፣ ብትታከም ኖሮ የሚያክሟት ነርስም፣ «ገበና» ያሉት ርእሰ መምህርም ዝም ቢሉ በዚህ አንቀጽ የሚጠይቃችሁ የለም። በሌላ በኩል የጠቋሚዎችና የወንጀል ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚሸፍነው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት የሚያስከትሉ ወንጀሎችን በመሆኑ፣ 3 ወር በሚያስቀጣ ጉዳይ የሚያመለክት ሰው ከሴትዮዋም ከባሏም ሲጋፈጥ ብቻውን ነው። ዝም ያለውን የማይጠይቅ፣ የተናገረውንም የማይከልል ሕግ መምህራንን ጎበዝ ሁኑ ብሎ ከመምከር በላይ ምንም አላደረገም። መጠየቅ ያለብንም ይህን ነው፤ መምህር፣ የጤና ባለሙያና የቀበሌ ሠራተኛ በልጅ ላይ የጉዳት ምልክት ሲያዩ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ በሕግ ይጣልባቸው፤ በቅን ልቦና ላመለከተ ሰውም በዚያው አንቀጽ ጥበቃ ይሰጠው። ግዴታው ከመጣ «ለምን ገባሽበት?» ለሚል ጎረቤት «ሕጉ አስገድዶኝ ነው» የሚል መልስ ይኖርዎታል። በእኛ አገር ኑሮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሕጉ ቢሻሻል እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ፖሊሱ አቤቱታዎን ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ የዚያን ማታ የት ታድር ነበር? ጣቢያ ወንበር ላይ፣ በእርስዎ ቤት፣ ወይስ ተመልሳ እዚያው? ከገጠር በደላላ ወይም በዘመድ ለሚመጡ ልጆች ለጥቂት ሌሊት እንኳ የሚሆን ማረፊያና በቂ የማኅበራዊ ሠራተኛ ከሌለ መርማሪው መዝገብ ከመክፈት ይልቅ «በሽምግልና ጨርሱት» ማለትን ይመርጣል። ኢትዮጵያ በ1983 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 የሚያዘው ቅጣትን ብቻ ሳይሆን ለልጁና ለሚንከባከቡት ሰዎች ድጋፍ የሚሰጥ ማኅበራዊ አገልግሎትንም ነው።

ልጁ ቃሉን ስንት ጊዜ እንደሚደግም ደግሞ ያስቡ። ለመምህሩ፣ ለቀበሌው፣ ለመርማሪው፣ ለሐኪሙ፣ ለዐቃቤ ሕጉ፣ ከዚያም ለችሎቱ ይናገራል። ከዓመታት በፊት በአንድ ችሎት ያየሁት የ9 ዓመት ልጅ፣ ዳኛው «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ባሉት ቁጥር የሚያየው ዳኛውን ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆመውን ተከሳሽ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልጁ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ቃሉን የሚሰጥበት ለሕፃናት ምቹ ችሎት አለ፤ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ ሕክምናው፣ ምርመራውና ምክሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣል። እንዲህ ያለው ነገር የዋና ከተማ ልጅ ዕድል ብቻ ሊሆን አይገባም።

ለጊዜው ግን የሚከተለውን ያድርጉ። ያዩትን ሁሉ ቀን እየጠቀሱ በማስታወሻ ይያዙ። ልጅቷ ጤና ጣቢያ ታይታ ቁስሏ በካርዷ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ፤ ሰንበር ይጠፋል፣ ካርድ አይጠፋም። አቤቱታዎን በጽሑፍ ለፖሊስ አስገብተው የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ፤ ግልባጩን ለዐቃቤ ሕግና ለክፍለ ከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ይስጡ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ አቤቱታውን በማርቀቅ ሊያግዝዎት ይችላል። ደንቢያ ላለችው እናት ደግሞ መልእክት ይላኩ፤ ብዙ ጊዜ ወላጅ ልጁ ትምህርት ላይ ነው ብሎ ነው የሚተኛው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ የማሳወቅ ግዴታ ቢመጣ ልጁን የቆነጠጠ አባት ሁሉ ሊከሰስ ነው ማለት ነው?
አባት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ አይደለም። የተጠቀሰው አንቀጽ 576 በንዑስ አንቀጽ 3 ወላጅ ለመልካም አስተዳደግ ሲል ከሕግ ያልወጣ ተግሣጽ ቢሰጥ እንደማይነካው ይደነግጋል። ችግሩ «ከሕግ ያልወጣ» የሚለው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ሕጉ አለመናገሩ ነው፤ በዚህ ክፍተት ነው ሽቦም ቀበቶም «ተግሣጽ» እየተባለ የሚያልፈው። በበኩሌ ወሰኑ በግልጽ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፤ ይህም እንደ እርስዎ ያለውን አባት ከሥጋት ያወጣል። በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የአካል ቅጣትን ስለከለከለ፣ ልጅዎን መምህሩ በአለንጋ ቢመታው የማመልከት መብቱ የእርስዎ ነው።